እጁ ጆሮው ጋ ላልደረሰ ልጅ

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አንጽፍም። ስለ እግር ኳስም አንጽፍም። (አርሰናሎች ተንፍሱ!) ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ የ5 ዓመት ልጅ ነው። ስሙን ያሻችሁን በሉት። ወልድያ ውስጥ ብዙ አለ፣ መርሳ ውስጥ ብዙ አለ፣ በሀብሩ ገጠር ደግሞ ከሁሉም ይበዛል። ቀኑን ሙሉ ይሮጣል፣ «ለምን?» ማለት አይታክተውም፣ የጎረቤቱን ዶሮዎች አንድ በአንድ ለይቶ ያውቃቸዋል። ቤተሰቡን «ልጁን አስመዘገባችሁት?» ብላችሁ ብትጠይቁ ከሁለት መልስ አንዱን ትሰማላችሁ። ከተማ ከሆነ፣ «የመንግሥቱ ጋ ምን ይማራል ብለሽ ነው? ብር ስናገኝ ኬጂ እናስገባዋለን» ይባላል። ገጠር ከሆነ ደግሞ፣ «ገና ነው እኮ! ሰባት ሲሞላው አንደኛ ይገባል»።

እኛ በሁለቱም መልስ አንስማማም። ልጁ 5 ዓመት ከሞላው በሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት መመዝገብ አለበት ባዮች ነን። ክፍሉ ደካማ ነው? አዎ፣ ብዙ ቦታ ደካማ ነው። ቢሆንም ይመዝገብ። ለምን እንደሆነ ወረድ ብለን እንጨዋወታለን።

መጀመሪያ የስም ነገር። ወረቀት ላይ «ቅድመ አንደኛ» ትባላለች። መምህራን «ኦ ክፍል» ይሏታል። የፈረንጁ ኦ እና ቁጥሩ ዜሮ መልካቸው አንድ ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ «ዜሮ ክፍል» ብሎ አረፈው። ልጅ «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ሲባል «ዜሮ!» ብሎ በኩራት ይመልሳል፣ ትልልቆቹም ይስቃሉ። ሳቁ ምንም አይደለም። ክፋቱ፣ ሁላችንም ከዚያ ክፍል ምንም እንዳንጠብቅ ስሙ አስቀድሞ የነገረን መሆኑ ነው።

ድሮ እኮ ለትምህርት መድረስ አለመድረስ የሚለካው በወረቀት አልነበረም። «ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሻግረህ ግራ ጆሮህን ንካ!» ነው። ከነካህ ደርሰሃል፤ ካልነካህ ለከርሞ ና። አንገቱን አጣሞ የነካ፣ ጆሮውን ወደ ላይ ጎትቶ ያቀበለ ስንት አለ! መለኪያው ከሜዳ የመጣ አልነበረም፤ ልጅ ወደ 6 እና 7 ዓመት ሲጠጋ ክንዱ ከጭንቅላቱ አንጻር እየረዘመ ስለሚሄድ ነው። ግን የሚለካው ክንድን ነው። ጭንቅላቱ እጁ ጆሮው ጋ ከመድረሱ ከዓመታት በፊት ሥራ ጀምሯል፤ ቋንቋ የሚይዘው፣ መቁጠር የሚጀምረው፣ ተራ መጠበቅ የሚለምደው ያኔ ነው። በብዙ የገጠር ቤት «ገና ነው» የሚለው መልስ የዚያ የጆሮ መለኪያ ቅሪት ይመስለናል።

«ሕፃን ልጅ ትምህርት ቤት መስደድ የከተሜ ፋሽን ነው» የሚለንም አይጠፋም። ወሎ ላይ ቆሞ ይህን ማለት ግን አያስኬድም። እኛ አገር የኔታ ሀሁ የሚያስቆጥሩት ልጁ አፉን ፈትቶ ብዙ ሳይቆይ ነበር። በ4 እና በ5 ዓመቱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል፣ ከዚያ አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ እያለ እስከ ዳዊት ይዘልቃል። በወዲያኛው ሰፈር ደግሞ ሸኹ ጋ ሉህ ይዞ አሊፍ ባ ታ የሚል እኩያው አለ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ተገናኝተው የጨርቅ ኳስ ይራገጣሉ። አያቶቻችን የ5 ዓመት ልጅ መማር እንደሚችል ለማወቅ የማንንም ጥናት አልጠበቁም።

ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት ግን ሌላ በር ነው ያንኳኳው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድሬዳዋ ላይ ሲከፈት፣ ለባቡር ሐዲዱ ሥራ ለመጡት ፈረንሳውያን ልጆች ነበር። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ተከፍተው ነበር፤ በዚያ ያለፉ ታላላቆች ያላችሁ ዘፈኑን እስከ ዛሬ እንደማይረሱት ታውቃላችሁ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ስለ መዋዕለ ሕፃናት አንስቷል፤ ሥራው ግን በአብዛኛው ለግል ባለሀብት፣ ለድርጅትና ለእምነት ተቋማት ተተወ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የከፈለ ይማር! ውጤቱም ታየ። በ2003 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ቅድመ አንደኛ የገባው ከ100 ልጅ 5 ገደማ ብቻ ነበር።

ነገሩ የተቀየረው ከ2002 ዓ.ም. በኋላ ነው። ያኔ የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የሕፃናት ክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። በመንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ አንድ አንድ ክፍል ለስድስት ዓመት ልጆች ይከፈት ተባለ። ይህቺ ናት ዜሮ ክፍል። ከጎኗ ደግሞ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ተማሪ የሰፈሩን ታናናሾች ሰብስቦ የሚያስጠናበት «ልጅ ለልጅ» የተባለ ዘዴ መጣ። ቁጥሩም ተተኮሰ። በ2007 ዓ.ም. ከ100 ልጅ ወደ 40 የሚጠጋው ተመዝግቦ ተገኘ። በ4 ዓመት ከ5 ወደ 40!

እንዲህ ዓይነት ቁጥር ስናይ እጃችንን ለጭብጨባ ከማንሳታችን በፊት መምህሩ ከየት መጣ ብለን መጠየቅ ልማዳችን ነው። መልሱን ዜሮ ክፍል ገብቶ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በብዙ ቦታ ክፍሉ ከሌላው የተረፈው ክፍል ነው፣ ወንበሩ ለትልልቅ ልጆች የተሠራ ስለሆነ የሕፃኑ እግር መሬት አይነካም፣ መጫወቻው ድንጋይና ቆርኪ ነው። መምህሯ ወይ ለሕፃናት ትምህርት ጭራሽ ያልሠለጠነች፣ ወይ ጡረታዋ የተቃረበ «ትረፍ» ተብላ የተመደበች ናት። እሷም አይፈረድባትም፤ ስልሳ ሕፃን ይዞ ሀሁ በጩኸት ከማስደገም ሌላ ምን ይደረጋል?

ወልድያ ላይ የከተማው ወላጅ ይህን ያይና ፊቱን ወደ ግል ኬጂ ያዞራል። ምክንያት አለው፤ አንቀየመውም። ግን እዚያስ ምን አለ? ዩኒፎርም አለ፣ ሰርቪስ አለ፣ በዓመቱ መጨረሻ የስድስት ዓመት ልጅ ጥቁር ገዋንና ቆብ ለብሶ «የሚመረቅበት» ሥነ ሥርዓት አለ (ፎቶው ሳሎን ይሰቀላል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲጨርስ ለሚመጣው ፎቶ ቦታ ይቀራል ብለን ተስፋ እናደርጋለን)። «ኤ ፎር አፕል» አለ። ፖም አይቶ የማያውቅ የመርሳ ልጅ አፕል ይሸመድዳል፣ በጊራና መንገድ እየተጫነ በደጁ የሚያልፈውን ማንጎ ግን የሚያስቆጥረው የለም። ጥሩ የግል ኬጂዎች አሉ። ብዙው ግን ወላጁ የሚከፍለው ለእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ አማርኛውን ሳያጠነክር፣ እርሳስ ይዞ ለሰዓታት ሲገለብጥ ይውላል። በዚህ ዕድሜ የሚያስፈልገው ጨዋታ፣ ተረት፣ ዘፈን፣ እንቆቅልሽ፣ መቁጠሪያና ማውራት ነው። ለዚህ ሁሉ ደግሞ ወሎ ደሃ ሆኖ አያውቅም።

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ስሪንቃን አልፋችሁ መርሳ ስትደርሱ ሌላ ስሌት አለ። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከመንገዱ ወደ ገጠር ገባ ሲባል ኬጂ የሚባል ምርጫ ራሱ የለም። ያለው ዜሮ ክፍል ነው፣ አለዚያ ቤት ነው። «ቤት ይቆይ» ሲባል የልጁ ጉዳይ ብቻ አድርገን እናየዋለን። ቤት የሚቆይ የ5 ዓመት ልጅ ግን ጠባቂ ይፈልጋል። እናት ውኃ ልትቀዳ፣ ማሽላ ልታርም፣ ገበያ ልትወጣ ስትሄድ ማን ያየዋል? የ10 እና የ11 ዓመት እህቱ ናታ! የእሷ ወንበር 4ኛ ክፍል ውስጥ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ታናሹ ዜሮ ክፍል ባለመግባቱ ሁለት ልጅ ከትምህርት ቀረ ማለት ነው።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። ሞዛምቢክ ውስጥ ጋዛ በሚባል አውራጃ፣ ሴቭ ዘ ችልድረን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ30 የገጠር መንደሮች በጣም ርካሽ ቅድመ አንደኛ ከፍቶ ነበር። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ተከታትለው ሲያዩት፣ የገቡት ልጆች ካልገቡት ይልቅ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመመዝገብ ዕድላቸው በ24 በመቶ በልጦ ተገኘ። አሳዳጊዎቻቸው ሥራ መሥራት ቻሉ፣ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶችም ትምህርት ቤት መዋል ጨመሩ። ስለ ቅድመ አንደኛ ሲወራ ሁሌ የሚጠቀሰው አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ በ1960ዎቹ የተጀመረው የፔሪ ጥናት ነው፤ 123 ልጆችን ይዞ እስከ 40 ዓመታቸው የተከተለ። ድንቅ ጥናት ነው። ነገር ግን ከሀብሩ ጋር የሚመሳሰለው ጋዛ ነው፤ የጭቃ ቤት፣ የገጠር መንገድ፣ ትንሽ ብር።

ቤት የቆየው ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ምን ይገጥመዋል? እርሳስ ይዞ የማያውቅ ልጅ፣ በወር ውስጥ ፊደል ለይቶ እንዲጽፍ ይጠበቅበታል። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገ የንባብ ምዘና ላይ፣ 2ኛ ክፍል ከነበሩት ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ሁለት ዓመት ተቀምጠው፣ አንዲት ቃል! እንዲህ ያለው ልጅ ይደግማል፣ ያፍራል፣ ከዚያ ከብት መጠበቅ ይሻለዋል። ከ3ኛ ክፍል ያቋረጠውን ሁሉ «ሰነፍ» እያልን ነው የኖርነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ወልድያና መርሳ በሰሜኑ ጦርነት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ፣ የተለቀቁት በታኅሣሥ 2014 ነው። በክልሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፤ ወንበር ማገዶ ሆነ፣ መጽሐፍ ተበተነ። ሳያገግም በነሐሴ 2015 በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ውጊያው ተጀመረ። በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጅ ከትምህርት ውጭ ነበር። እስቲ አንድ ሂሳብ እንሥራ። ከተሞቹ በተያዙበት በነሐሴ 2013 የተወለደ ልጅ፣ 5 ዓመት የሚሞላው በነሐሴ 2018 ነው። ጡት እየጠባ አንዱን ጦርነት፣ በ2 ዓመቱ ሌላውን አየ። «ሰላም ሲሆን እናስገባዋለን» የምንለው ልጅ ይህ ነው። ዕድሜው ግን ሰላምን አይጠብቅም፤ 5 ዓመት ይሞላዋል፣ ቀጥሎም 6፣ ቀጥሎም እጁ ጆሮው ጋ ይደርሳል።

ተኩስ ባለበት ቀበሌ «ልጃችሁን ላኩ» ማለታችን አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ የራሱን ይላክ! በሩ የተዘጋ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ወላጅን መውቀስ ነውር ነው። የምናወራው ደውሉ ለሚደወልበት ቦታ ነው። እዚያ እንኳ የ7ኛና የ8ኛ ክፍሉ ይቆጠራል፣ ፈተና ያለባቸው ይታሰባል፣ የዜሮ ክፍሉ ቀሪ ግን የማንም ጭንቀት አይደለም። ማትሪክ የለበትማ!

«እሺ፣ ደካማ ክፍል ውስጥ ማስገባቱ ምን ይጠቅማል?» ላላችሁን መልሳችን መዝገቡ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያገኘው የድጎማ ብር፣ መምህራን «ስኩል ግራንት» የሚሉት፣ የሚሰላው በተመዘገበ ተማሪ ቁጥር ነው። ወረዳው መምህር ሲመድብ የሚያየው የተማሪ ቁጥር ነው። ሁለተኛ ክፍል ይከፈት አይከፈት የሚወሰነውም በዚያው ነው። ስለዚህ የመርሳ ወላጅ ልጁን ቤት ሲያስቀር፣ የወልድያው ደግሞ ወደ ግል ሲወስድ፣ ዜሮ ክፍሉ የባሰ ይደኸያል፤ ከዚያ «አላልኩህም? አይረባም!» እንባባላለን። ከሁሉም የሚጎዳው ደግሞ ድምፅ ያለው ወላጅ መውጣቱ ነው። የባንክ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ነጋዴው ልጃቸው እዚያ ሲማር በወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ እጃቸውን ያወጣሉ፤ «የሕፃናቱ ሽንት ቤት የት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጃቸው እዚያ ከሌለ ስብሰባው ላይ የሚቀሩት፣ «ዝም ብለን እንስማ» የሚሉ እናቶች ናቸው።

(የመምህራን ልጆች ነገር ደግሞ ይገርመናል። ከምናውቃቸው የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ውስጥ ልጁን በራሱ ትምህርት ቤት ዜሮ ክፍል ያስገባ ስንት ነው? ጣታችንን ቆጠርን፤ ጣት ተረፈ።)

ጥያቄም አለን፣ ለሚመለከተው ሁሉ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን 2 ዓመት አድርጎታል፤ በ5 እና በ6 ዓመት፣ ከዚያ በ7 ዓመት አንደኛ ክፍል። ጥሩ! ግን አንዱን ዓመት በወጉ ያልያዘ ትምህርት ቤት ሁለቱን በምን ይይዛል? አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ሕፃናቱን ጭምር ቁርስና ምሳ ታበላለች። ልጅ ምግብ ሲያገኝ ይመጣል፣ ሲጠግብ ይማራል፤ ይህን ለማወቅ ፕሮፌሰር አያስፈልግም። የመርሳው ልጅ ሆድ ከአዲስ አበባው ልጅ ሆድ በምን ይለያል? በክልሉ በጀት ሁለት ጊዜ ማብላት ካልተቻለ፣ በሰፈር አዋጥቶ አንድ ጊዜ ቆሎ ወይም ዳቦ መስጠት ይቻላል። እናቶቻችን ለማኅበርና ለሰደቃ የሚያዋጡትን እናውቃለን፤ እንኳን ሕፃን መንገደኛ ያበላሉ።

ወልድያ ላይ ደግሞ የመምህራን ኮሌጅ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ። ዕጩ መምህራን ለልምምድ ሲወጡ ዜሮ ክፍል ቢገቡ፣ ተረትና ዘፈን ይዘው፣ ቆርኪና ሸንበቆ ወደ መቁጠሪያ የሚለውጥ እጅ ይዘው ቢገቡ ምን ይጎዳል? ርዕሳነ መምህራንስ፣ በትምህርት ቤቱ ካሉት ሁሉ ጎበዟን መምህር ለ8ኛ ሳይሆን ለሕፃናቱ ቢሰጡ? ትልቅ ተማሪ መጥፎ አስተማሪ ቢገጥመው ከጓደኛ ይማራል፣ ከስልክ ይማራል። የ5 ዓመት ልጅ ያለው እሷ ብቻ ናት።

ትምህርት ቤቱ ለተዘጋበትና ዓመቱ ላመለጠው ልጅም የሚሆን ነገር አለ። በዩኒሴፍ እገዛ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች የሄደ፣ ከአንደኛ ክፍል በፊት በክረምት 2 ወር ያህል የሚሰጥ የዝግጅት ትምህርት አለ። አንድ ሙሉ ዓመት አይተካም። ግን እርሳስ መያዝ፣ ፊደል መለየት፣ እስከ 10 መቁጠር፣ ከማያውቁት ልጅ ጋር መቀመጥ ይለመድበታል። ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ የሚሆን ወጣት በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣ፣ ተመርቆ ሥራ የሚጠብቅ። ለስድስት ልጅ አንድ ዛፍ ጥላ ይበቃል።

እናንተ አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ባሕር ዳር ወይም ዱባይ ሆናችሁ ለቤተሰብ ብር የምትልኩ ወጣቶች ደግሞ ከእኛ የሚበልጥ ሥልጣን አላችሁ። ብር የላከ ሰው ይሰማል። ለበዓል ስትደውሉ ስለ በግ ዋጋ ከጠየቃችሁ በኋላ ስለ ልጁም ጠይቁ። ምዝገባው ብዙ ጊዜ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት የመማሪያ ክፍያ የለውም። ስለ ዕድሜው ማስረጃ ብዙ ሰው ይፈራል። የልደት ምዝገባ በዘመናዊ መልኩ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ የጦርነቱ ዓመታት ደግሞ የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶችን ስላመሱ፣ የልደት ካርድ የሌለው ልጅ ብዙ ነው። የክትባት ካርዱን ፈልጉ። ከዕቃ ጋር ጠፍቶ ከሆነ ወደተከተበበት ጤና ጣቢያ ሂዱና መዝገቡ ይታይላችሁ። ትምህርት ቤቱ «ሞልቷል» ካለ ስሙን ተጠባባቂ ላይ አስጽፉ፤ የተጠባባቂው ዝርዝር ሲረዝም ነው ወረዳው ሁለተኛ ክፍል የሚጠየቀው። እህቱም ያን ቀን አብራ ትሂድ፤ በዚያው የእሷን ምዝገባ ታድስ።